የቮልሴ ፓራውልት ወደ ቦታው ተመለሰ

ቮልሴ በፈረንጅ 1966 የተሠራች ናት፤ ከአባቴ ነው ያገኘኋት። ችግሯ አንድ ነበር፤ የፊት ፓራውልቷ (ከፊት ግጭት የሚከላከለው ብረት) የራሷ አይደለም። ድሮ አንድ ጋራዥ የኋለኛውን ሞዴል ፓራውልት በብየዳ ለጥፎባት ኖሯል።

የቮልስ ሰው ያውቀዋል። ከ1968ቱ ሞዴል ጀምሮ ፓራውልቱ ወፍራምና ቀጥ ያለ ሆነ፣ ከፍም አለ። ኮፈኑም አብሮ አጠረ። የእኔዋ ግን ባለ ረጅም ኮፈን ናት። የኮፈኑን እጀታ ለመያዝ እጄን በፓራውልቱና በኮፈኑ መሀል ማሾለክ ነበረብኝ። የጣቴ አንጓ ስንቴ ተላጠ መሰላችሁ!

ከሶማሌ ተራ፣ ከአዲስ አበባው የመኪና ዕቃ ገበያ፣ የድሮውን ቀጭን፣ ባለ ቀንዱን ፓራውልት ፈልጌ አገኘሁና ቄራ አካባቢ ወዳለ አንድ ባትላሜራ (የመኪና አካል የሚያቃና ባለሙያ) ሄድኩ። ፓራውልቱ መሀሉ ጎብጧል፣ አንዱን ጫፉን ዝገት በልቶታል። ልጁ በጥፍሩ ኳ ኳ አደረገውና "ጋሼ፣ ክሮም ነው የሚፈልጉት ወይስ ቀለም?" አለኝ።

"ክሮም።"

"እንግዲያው ስቱኮ የለም።"

ክሮም በኤሌክትሪክ ነው ብረቱ ላይ የሚይዘው፤ ስቱኮ፣ የጎደጎደውን የሚሞሉበት ሊጥ መሰል ነገር፣ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስለዚህ ጉብጠቱ በመዶሻ ብቻ ተቃንቶ፣ የተበላው ተቆርጦ በላሜራ ተተክቶ፣ ሁሉም እስኪለሰልስ መሞረድ አለበት። ሳልጠይቀው ስላስረዳኝ ወደድኩት። ዋጋውን ስሰማ ግን ቀለም ይሁን አልኩ። ኪስ ነዋ!

የገረመኝ የፓራውልቱ መያዣ ላይ ነው። የድሮው መያዣ በፓራፋንጎው (ጎማውን ከላይ በሚሸፍነው ቆርቆሮ) ቀዳዳ አልፎ ነው የሚወጣው። ያ ቀዳዳ ተደፍኖ ቀለም ተቀብቶበታል፣ በዓይን አይለይም። ልጁ ፓራፋንጎውን በመዶሻ እጀታ ቀስ እያለ መታ፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። ድምፁ ደነዝ ያለበት ጋ ሲደርስ በኖራ ከበበው። ሲፍቀው ቀዳዳው እዚያው ነበር። ከዚያ በሲባጎ ከሁለቱም የፊት መብራቶች እየለካ አሰረው። አንድ ጣት ታህል አልተንጋደደም።

ቀጠሮ ላይ ግን አትመኑት። "ሦስት ቀን" ያለኝ ሦስት ሳምንት ሆነ። በደወልኩ ቁጥር "ጋሼ፣ ነገ ብቅ ይበሉ" ነው። ሌላው፣ የፓራውልቱን ጀርባ ፀረ ዝገት ሳይቀባ ነው ያሰረው። ጣቴን ወደ ውስጥ ስሰድ ባዶ ብረት ነካሁ። አስፈትቼ፣ እዚያው ቆሜ አስቀባሁት።

አሁን ኮፈኑን በሁለት ጣት ነው የምከፍተው። የኋላውን ከፋሲካ በኋላ እዚያው እወስደዋለሁ፣ የምቸኩልበት ጉዞ በሌለኝ ወር።