ቤት ድረስ መጥቶ የመኪና ስትራት ለሚቀይረው መካኒካችን፦ ምስጋናና ጥቆማ

ጤና ይስጥልኝ። ያረጀ መኪና ይዛችሁ «ስትራቱ አልቋል» (ስትራት ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር አያይዞ የመንገዱን ንጥረት የሚያበርደው፣ ሞላ የለበሰው ዕቃ ነው) ለተባላችሁ ሁሉ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ። ቤት ድረስ መጥቶ የሚሠራ መካኒክ ነው፤ የእኛንም የፊት ሁለቱን ግቢ ውስጥ ቀይሮልናል። «ጎበዝ ነው» ብሎ ማለፍ ለማንም አይጠቅምም፤ ጎበዝ ያልተባለ መካኒክ የለምና። ስለዚህ ምኑን እንዴት እንደሚሠራ ልዘርዝር። ሥራውን የሚያውቅ ያመዛዝነው፤ የማያውቅም ሌላ ቦታ ሲያሠራ ምን ምን ማየት እንዳለበት ይወቅበት።

ከሁሉ በፊት የማመሰግነው ቁልፍ ሳያነሳ ስለሚያደርገው ምርመራ ነው። ከፊት እግር ኳ ኳ የሚል ድምፅ ሲሰማ ብዙ ሰው ስትራት ሊገዛ ይሮጣል። እሱ ግን መጀመሪያ የሚይዘው የስታቢላይዘሩን (መኪናው መታጠፊያ ላይ እንዳይጋደም የሚይዘውን ብረት) ሊንክ፣ ማለትም ማያያዣውን ነው። ትንሽ ጉድጓድ ላይ የሚያንኳኳው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው፤ ዋጋውም ከስትራት ጋር አይወዳደርም። ቀጥሎ የስትራቱን አካል ያያል። ስስ ወዝ ላይ አቧራ ተለጥፎ ቢገኝ ችግር የለውም፤ ዘይቱ ወደ ታች እየወረደ ካረጠበው ግን ዘይቱን የሚያግደው ማኅተም ሄዷል። የጎማውን ፊት በመዳፉ እየዳሰሰ ይዞራል፤ እዚህ ጎድጎድ እዚያ ከፍ ያለ አበላል ካገኘ ጎማው መሬት ላይ ሳይረጋ እየነጠረ እንደከረመ ይገባዋል። የመኪናውን አፍንጫ ተጭኖ መልቀቅ የሚባለውንም ይሞክራል፤ ነገር ግን ይህ ሙከራ ፈጽሞ የሞተውን እንጂ የደከመውን እንደማያጋልጥ ራሱ ይነግራችኋል። በመጨረሻ ሰው መሪውን ቀስ ብሎ ሲያዞር ጣቱን ሞላው ላይ ያሳርፋል። ሞላው ተጠምዝዞ ቆይቶ ድንገት ዘለል ካለ፣ የላይኛው ማውንት (ስትራቱን ከላይ ከመኪናው አካል ጋር የሚያስረው) ውስጥ ያለው ኩሽኔታ ነው የያዘው።

ይህን ሁሉ ካየ በኋላ ነው የዕቃ ዝርዝር የሚሰጠው። ስትራት የሚቀየረው በጥንድ ነው፤ አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ሲሆን መኪናው መታጠፊያና ፍሬን ላይ ወደ አንድ ወገን ያደላል። በአብዛኛው መኪና ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ስላልሆነ (የፍሬን ቱቦው የሚታሰርበት ጆሮ ይለያያል) ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ሳይመሳከር አይከፈትም። ከስትራቱ ሌላ ሁለት የላይኛው ማውንት ከነኩሽኔታው፣ ሁለት የአቧራ መከላከያ፣ የስትራቱ ዘንግ እስከ መጨረሻ ሲወርድ የሚያርፍባቸው ሁለት ላስቲኮች፣ ሞላው የሚቀመጥባቸው ላስቲኮችና አዲስ ራሳቸውን የሚቆልፉ ዳዶዎች ያዝዛል። የድሮውን ማውንት መልሶ መግጠም በዚህ ሥራ ውስጥ ከሚታዩት ቁጠባዎች ሁሉ የከፋው ነው፤ ማውንቱ በኋላ ሲያንኳኳ ያው ሥራ ከሀ ይጀመራል። ሞላው ግን ካልተሰበረና ቁመቱ ከጓደኛው እኩል ከሆነ ይመለሳል። ዋነኛው መሰበሪያው ታች፣ የመጨረሻው ጥምዝ ላይ ስለሆነ ጭቃው ተጠርጎ መታየት አለበት።

ከነሞላው ተገጣጥሞ የሚሸጥም አለ። ራሱ ሊሠራ ለሚፈልግ ሰው እሱን ነው የሚመክረው፤ ሞላ መጨመቅ የሚባለውን አደጋ ያስቀራልና። ነገር ግን በርካሽ የሚገኘው ላይ ሞላው ከመኪናው ጋር አልመጣጠን ብሎ አፍንጫው ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል።

ሥራው ከመድረሱ አንድ ቀን አስቀድሞ ቡሎኖቹ በሽቦ ብሩሽ ተጠርገው የዝገት ማላቀቂያ ዘይት እንዲነፋባቸው ያዝዛል። በሥራው ቀን የኋላ ጎማዎችን በታኮ ይይዛል፣ የጎማውን ዳዶዎች ጎማው መሬት ሳይለቅ ያላላል፣ ከዚያ ሁለቱንም የፊት ጎማዎች አንስቶ በማቆሚያ ላይ ያሳርፋል። ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ ማቆሚያ አይደለም፤ በክሪክ ብቻ የተንጠለጠለ መኪና ሥር አይገባም። ሁለቱን ባንድነት ማንሳቱ ለስታቢላይዘሩ ነው። አንድ ጎን ብቻ ከተነሳ ስታቢላይዘሩ ይጠመዘዝና ሊንኩ ሲፈታም ሲገጠምም ይታገላል። የሊንኩ ቡሎን ከዳዶው ጋር አብሮ የመዞር ልማድ ስላለው ጫፉ ላይ ባለው ቀዳዳ አለን ቁልፍ (ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ) ገብቶ ይያዛል።

ከመፍታቱ በፊት ስትራቱ ከናክሉ (የጎማውን ማዕከል ከሚይዘው ብረት) ጋር የተጋጠመበትን መስመር በቀለም ያሰምርበታል። አንዱ ቡሎን የጎማውን ዘመም ማለት ማስተካከያ ከሆነማ የራሱ አቀማመጥም ምልክት ያስፈልገዋል። የፍሬን ቱቦውና የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) ሽቦው ከስትራቱ ይላቀቃሉ። ታች ያሉት ሁለት ትልልቅ ቡሎኖች ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ በብዙ መኪና የቡሎኑ አንገት የተቦረቦረ ጥርስ ስላለው የሚዞረው ዳዶው ብቻ ነው። ጭንቅላቱን በጉልበት ያዞረ ሰው ጥርሱንም የናክሉንም ቀዳዳ ይበላዋል። የእኛ ሰው ዳዶውን ከቡሎኑ ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን ይፈታና በዚያው ላይ በመዶሻ ይመታል፤ ዳዶው የቡሎኑን ጥርስ ከመደፍጠጥ ያድነዋል። ከዚያ በፊት ግን ሎወር አርሙን (ናክሉን ከታች የሚይዘውን ክንድ) ከሥር በክሪክ ደግፎ፣ ናክሉን በሽቦ አስሮታል። ያልታሰረ ናክል ወደ ውጭ ሲወድቅ የፍሬን ቱቦውን ይወጥራል፣ የውስጠኛውን ሲቪ ጆይንትም (የሞተሩን ኃይል ወደ ጎማው የሚያስተላልፈውን መጋጠሚያ) ከቤቱ ሊያስወጣው ይችላል፤ ያኔ የስትራት ሥራ የሌላ ሥራ እናት ሆነ ማለት ነው።

ላይ፣ ኮፈኑ ሥር፣ ብዙ ጊዜ ሦስት ዳዶዎች ክብ ሠርተው ይታያሉ፤ መሐላቸው አንድ ተለቅ ያለ ዳዶ አለ። ዙሪያዎቹ ይፈታሉ፤ የመጨረሻው ሲወጣ ስትራቱን ከታች የሚይዝ እጅ መኖር አለበት። መሐለኛው አይነካም! የታመቀውን ሞላ ይዞት ያለው እሱ ብቻ ነው። ሞላው ሳይጨመቅ እሱን የፈታ ሰው ፊቱ ላይ ብረት ተኩሶ መሞት ይችላል።

ጥቆማዬን ያስጻፈኝም እዚሁ ላይ የሚያሳየው ትዕግሥት ነው። ስትራቱ ከመኪናው ከወጣ በኋላ ሁለቱን የሞላ መጭመቂያዎች ከሞላው ግራና ቀኝ፣ ትክክል ፊት ለፊት ያስቀምጣል፤ መንጠቆዎቹ የቻሉትን ያህል ብዙ ጥምዝ እንዲያቅፉ ያደርጋል። ጥርሳቸውን ቅባት ይቀባል። ከዚያ በእጅ ቁልፍ አንዱን ሁለት ዙር፣ ሌላውን ሁለት ዙር፤ ደግሞ ተመልሶ። አንዱ ከቀደመ ሞላው እንደ ሙዝ ይጎብጥና መንጠቆው ይንሸራተታል። ኢምፓክት (እየመታ የሚያዞር የማሽን መፍቻ) አይጠቀምም፤ መንጠቆው ሲንሸራተት በእጅ ይታወቃል፣ በማሽን አይታወቅም። ጭንቅላቱን ከስትራቱ ጫፍ አቅጣጫ ዘወር አድርጎ ነው የሚሠራው፤ አጠገቡ የቆመ ሰው ካለም ያባርራል። ሞላው ከመቀመጫው ላልቶ በእጅ ሲወዘወዝ ያቆማል፤ ከዚያ በላይ መጨመቅ ትርፉ አደጋ ነው። መሐለኛው ዳዶ የሚፈታው አሁን ነው።

አዲሱን ስትራት ከካርቶን አውጥቶ ወዲያው አይገጥመውም። ቀጥ አድርጎ አቁሞ ዘንጉን ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ቀስ እያለ እስከ ታች ይጫነዋል፣ እስከ ላይ ይለቀዋል። መጋዘን ውስጥ ሲጋደም ወደ ውስጠኛው ክፍል የገባ አየር በዚህ ይወጣል። ሳይደረግ ከቀረ አዲሱ ዕቃ መንገድ ላይ ያንኳኳና ሻጩ ይወቀሳል። ዘንጉ ዞሮ ቢያስቸግር እንኳ በፒንሳ አይነካውም፤ የፀጉር ያህል ጭረት ማኅተሙን እየላገ ዘይት ያስለቅቃል። አቧራ መከላከያው ሳይረሳ ይገባል፣ የሞላው ጫፍ በታችኛው መቀመጫ ላይ ካለው ደረጃ ጋር ይገናኛል፣ ማውንቱ ላይ የአቅጣጫ ምልክት ካለ ይከበራል። መሐለኛው አዲስ ዳዶ በእጅ ነው የሚጠብቀው፤ ኢምፓክት ዘንጉን እያሽከረከረ ውስጡን ይጎዳል።

ማጥበቅ ላይ ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) ይዞ የሚመጣ የቤት ለቤት መካኒክ ብርቅ ነው። ልኩ ከመኪና መኪና ስለሚለያይ የሞዴሉን መጽሐፍ ከፍቶ ነው የሚሠራው። የላይኞቹ ትንንሽ ዳዶዎች ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 50 ኒውተን ሜትር ይበቃቸዋል፤ የናክሉ ቡሎኖች ግን ከ100 አልፈው አንዳንዱ መኪና ላይ 200ን ይሻገራሉ። ሁለቱን በአንድ «ጠበቅ አድርገው» የሚሠራ ሰው ወይ ላይኛውን ይቆርጣል ወይ ታችኛውን ላላ ይተዋል። ጎማው ከመመለሱ በፊት መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙሮ የፍሬን ቱቦው እንዳልተጠማዘዘና ጎማ እንደማይነካ ያያል። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላም የጎማ ዳዶዎቹ እንደገና እንዲፈተሹ ያስጠነቅቃል።

ጉድለቱንም ልናገር። ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ለፊት ሁለቱ ቀኑን ሙሉ መድቡ። የአላይመንት (የጎማዎችን አቅጣጫና ዘመም ማለት የማስተካከል) ማሽንም የለውም። ምልክቱ ላይ በትክክል ቢመልሰውም ይህ ዓይነቱ ስትራት የጎማውን ዘመም ማለት ስለሚይዝ፣ በማግሥቱ አላይመንት ቤት ካልሄዳችሁ አዲስ ጎማ በአጭር ጊዜ በአንድ ጠርዝ ይበላል። ስትራቱ ከላይ የሚታሰርበት ቆርቆሮ በዝገት የሳሳ መኪናም አይቀበልም፤ «መጀመሪያ ብየዳ» ብሎ ይመልሳችኋል፤ እውነቱን ነው።

የተፈታውን አሮጌ ዕቃ ግራና ቀኙን ለይቶ፣ የጎደለ ሳይኖር ነው ያስረከበን። ወንድማችን፣ እጅህ ይባረክ።

ስልኩን ያለ ፈቃዱ እዚህ አላስቀምጥም፤ ለሚጠይቀኝ በውስጥ መስመር አገናኛለሁ። ከመደወላችሁ በፊት የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር፣ የተሠራበትን ዓመትና የሞተር ዓይነት ያዙ፤ ዕቃውን የሚያዛምደው በእነሱ ነው። ቦታው ደልዳላና ጠንካራ ይሁን፤ አፈር ከሆነ ለማቆሚያዎቹ ሥር ወፍራም ጣውላ አዘጋጁለት።