ቤርቦክስ፦ የቡትሎደር ቅንብር ቦታ ቦታውን ሲይዝ

ከኢምቤድድ ሊኑክስ (መሣሪያ ውስጥ ተገጥሞ ከሚሠራ ሊኑክስ) ጋር የምትሠሩ ሁሉ ይህችን መልእክት ታውቋታላችሁ። ቦርዱን ታበሩታላችሁ፣ ሲሪያል ኮንሶሉ ላይ ዩ-ቡት፣ ማለትም ሊኑክስን የሚያስነሳው ፕሮግራም (ቡትሎደር)፣ ብቅ ይልና ሲአርሲው (መረጃው አለመበላሸቱን ማረጋገጫ ቁጥር) ልክ አይደለም፣ ዲፎልት ኢንቫይሮንመንት (አብሮኝ የመጣውን ቅንብር) እየተጠቀምኩ ነው ይላችኋል። አዲስ ቦርድ ከሆነ ችግር የለም፤ ገና የተቀመጠ ነገር የለማ። ተተክሎ ሲሠራ የከረመ መሣሪያ ከሆነ ግን የማክ አድራሻው (የኔትወርክ መለያው)፣ የትኛው ሲስተም እንደሚነሳ የሚወስነው ቅንብር፣ ቴክኒሻኑ በእጁ ያስተካከለው ሁሉ አብሮ ሄዷል።

ይህ ግምገማ ቤርቦክስ ስለሚባል ሌላ ቡትሎደር ነው። ሙሉ ቡትሎደሩን አልገመግምም። ድራይቨሮቹ፣ ፍጥነቱ፣ የሚደግፋቸው ቺፖች ለሌላ ጊዜ ይቆዩ። የማወራው ቅንብሩን የትና እንዴት እንደሚያስቀምጥ ብቻ ነው። ቤርቦክስን እንድመርጥ የሚያደርገኝ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፣ ሰው ግን ብዙም አያነሳውም።

አመጣጡን ባጭሩ። ቤርቦክስ ከዩ-ቡት የወጣ ነው። ሳሻ ሃወር ጀርመን ሂልደስሃይም በሚገኘው ፔንጉትሮኒክስ ኩባንያ ውስጥ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2007 «ዩ-ቡት ቁጥር ሁለት» በሚል ስም ጀመረው፣ በ2009 መጨረሻ ላይ ቤርቦክስ ተባለ። አሠራሩ ሊኑክስ ከርነልን ይመስላል፤ የዲቫይስ ሞዴል አለው፣ ፋይል ሲስተም አለው፣ ሼሉ ላይ ፋይል ከፍታችሁ ማረም ትችላላችሁ።

ልዩነቱ እንዲገባን መጀመሪያ ዩ-ቡትን እንየው። ዩ-ቡት ቫሪያብሎቹን በሙሉ ስምና ዋጋ እያደረገ ይደረድራቸዋል፣ በመሃላቸው ዜሮ ባይት ያስገባል፣ ከፊታቸው የ4 ባይት ሲአርሲ ያስቀምጥና ሙሉውን ብሎክ አንድ ላይ ፍላሽ (ኃይል ቢጠፋም መረጃ የሚይዝ ማከማቻ) ላይ ይጽፈዋል። በቃ ይሄው ነው። ቀላል ነው፣ ለረጅም ዓመታት በብዙ ዓይነት ቦርድ ላይ ሠርቷል፣ ለዚህም አክብሮት አለኝ። ችግሩ ያለው እዚያ ውስጥ የሚገባው ነገር ላይ ነው። የቡት ስክሪፕቱ እዚያ አለ፣ የአይፒ አድራሻው እዚያ አለ፣ የማክ አድራሻው እዚያ አለ፣ ስንት ጊዜ ለመነሳት እንደተሞከረ የሚቆጥረው ቁጥርም እዚያው። ጤፉም ሽሮውም በርበሬውም አንድ ከረጢት ውስጥ ተጨምሮ እንደማለት ነው። የእነዚህ ነገሮች ዕድሜ ደግሞ አንድ አይደለም። ስክሪፕቱ ኮድ ስለሆነ ከእያንዳንዱ አፕዴት ጋር መታደስ አለበት። አይፒውን ሰው ካልነካው ባለበት መቆየት አለበት። ቆጣሪው በእያንዳንዱ ቡት ይለወጣል። የማክ አድራሻው ደግሞ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ፈጽሞ መነካት የለበትም።

ከዚህ የሚመጣው ጣጣ ብዙ ነው። በጣም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው፤ አንድ ሰው አንድ ጊዜ አይፒ ቀይሮ ሴቭ ያደርጋል። በዚያች ቅጽበት የአይፒው ብቻ ሳይሆን የሁሉም ቫሪያብል ቅጂ፣ የቡት ስክሪፕቱን ጨምሮ፣ ፍላሽ ላይ ይቀመጣል። ከስድስት ወር በኋላ ስህተት ያረማችሁበትን አዲስ ዩ-ቡት ትልካላችሁ። አዲሱ ዩ-ቡት ይነሳል፣ ፍላሹን ያነብባል፣ የድሮውን ስክሪፕት ያገኛል፣ እሱኑ ያስኬዳል። እርማታችሁ ቦርዱ ላይ አለ፣ ግን አይሠራም። ሴቭ ያልተደረገባቸው ቦርዶች ላይ ደግሞ በደንብ ይሠራል። እንዲህ ያለውን ችግር ከሩቅ ሆኖ መፈለግ ምን ያህል ልብ እንደሚያደርቅ የደረሰበት ያውቀዋል።

ዩ-ቡት ዝም ብሎ አልተቀመጠም፣ ይህን መናገር ፍትሕ ነው። ሁለት ቅጂ ማስቀመጥ ይቻላል፣ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ይነበባል። ከፍላሽ እንዲነበቡ የሚፈቀድላቸውን ቫሪያብሎች በዝርዝር መወሰን ይቻላል፤ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለው ሁልጊዜ ከዲፎልቱ ይመጣል። ይሄ ከላይ ያልኩትን ጣጣ በትክክል ይፈታዋል። የቡት ቆጣሪውንም ከኢንቫይሮንመንቱ አውጥቶ አርቲሲ (የሰዓት ቺፕ) ወይም ኢኢፕሮም (ትንሽ ቋሚ ማከማቻ) ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ዲፎልቱንም ድሮ እንደነበረው በሲ ሄደር ፋይል ውስጥ በኋሊት ስላሽ እየሰፉ መጻፍ ቀርቶ በጽሑፍ ፋይል መጻፍ ተችሏል። ጥሩ ነው። ግን እነዚህን አማራጮች አውቃችሁ፣ ፈልጋችሁ፣ አንድ በአንድ ማብራት አለባችሁ፣ የቺፕ አምራቾች የሚሰጧችሁ ዩ-ቡት ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጠፍተው ነው የሚመጡት።

ቤርቦክስ ከሥሩ ነው የቀየረው። ኢንቫይሮንመንቱ የቫሪያብል ዝርዝር መሆኑ ቀርቶ የፋይል ዛፍ ሆነ። ስክሪፕቶች በየራሳቸው ፋይል ይቀመጣሉ፤ ሲነሳ የሚሠሩት በአንድ ዳይሬክተሪ፣ የቡት ምርጫዎቹ በሌላ ዳይሬክተሪ። ሪቡት አልፈው መቆየት ያለባቸው ቫሪያብሎች «ኤንቪ» የሚባል ቅድመ ስም ይይዛሉ፣ እነሱም እያንዳንዳቸው አንድ ትንሽ ፋይል ናቸው። ለጊዜው ብቻ የሚያገለግሉት «ግሎባል» ይባላሉ፣ ኃይል ሲጠፋ ይጠፋሉ። ስሙን ብቻ አይቶ የትኛው እንደሚቆይ ማወቅ ይቻላል።

በጣም የወደድኩት ግን ሴቭ ሲደረግ የሚሆነው ነው። ቤርቦክስ ሲነሳ መጀመሪያ አብሮት የተጠናቀረውን ዲፎልት ዛፍ ይዘረጋል፣ ከዚያ ፍላሽ ላይ ያለውን በላዩ ያነጥፋል። ሴቭ ስታደርጉ ከዲፎልቱ የተለዩትን ፋይሎች ብቻ ይጽፋል። አይፒ ቀይራችሁ ሴቭ ካደረጋችሁ የአይፒው ፋይል ብቻ ነው የሚቀመጠው። በሚቀጥለው አፕዴት የቡት ስክሪፕቱ ሲታረም እርማቱ ወዲያው ይሠራል፣ አይፒውም እንዳለ ይቀጥላል። እርግጥ አንድ ሰው ስክሪፕቱን ራሱን አርሞ ካስቀመጠው ያ ፋይል አዲሱን መሸፈኑ አይቀርም። እሱ ግን ሰውየው አውቆ ያደረገው ነው።

ሁለተኛው ክፍል «ስቴት» ይባላል፣ ለእኔ ዋናው እሱ ነው። ማሽኑ ራሱ የሚጽፋቸው ነገሮች፣ የቡት ቆጣሪና የትኛው ሲስተም ቅድሚያ እንዳለው፣ እንዲሁም ከፋብሪካ የሚመጣው የማክ አድራሻ፣ ከኢንቫይሮንመንቱ ፈጽሞ ወጥተው ለብቻቸው ይቀመጣሉ። ዲቫይስ ትሪው (የቦርዱን ሃርድዌር የሚገልጸው ፋይል) ላይ ትገልጿቸዋላችሁ፤ ስሙ ይሄ ነው፣ ዓይነቱ ባለ 32 ቢት ቁጥር ነው ወይም ማክ ነው ወይም ከተወሰኑ አማራጮች አንዱ ነው፣ ቦታው እዚህ ባይት ላይ ነው፣ ዲፎልቱ ይሄ ነው። ዓይነት ስላለው ቆጣሪው ቦታ ላይ በስህተት «ኢትዮጵያ» የሚል ቃል መጻፍ አይቻልም። ዩ-ቡት ካላዘዛችሁት በቀር ሁሉንም እንደ ጽሑፍ ነው የሚያየው።

ስቴት የሚቀመጠው በሦስት ቅጂ ነው። ሲነበብ ትክክለኛ ሆኖ የተገኘው ይወሰዳል፣ የተበላሹት ከሱ ይታደሳሉ። ፍላሽ ላይ ሲሆን ደግሞ በእያንዳንዱ ጽሑፍ ሴክተሩን አያጠፋም፤ አዲሱን ከበፊቱ ቀጥሎ ይጽፋል፣ ቦታው ሲሞላ ብቻ ያጠፋል። ፍላሽ የሚያልቀው በማጥፋት ስለሆነ በየቡቱ ለሚጻፍ ቆጣሪ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ኢኤምኤምሲ (ማጥፋቱን ራሱ የሚያስተዳድር የፍላሽ ዓይነት) ላይ ይህ የለም፣ ሦስቱ ቅጂዎች በተወሰነ ርቀት ላይ ይቀመጣሉ። ከፈለጋችሁ በኤችማክ (በሚስጥር ቁልፍ በሚሠራ ማረጋገጫ) ማስፈረምም ይቻላል፣ ቁልፉ የሌለው ሰው ቢቀይረው ይታወቃል።

በስቴት ላይ የተሠራው «ቡትቹዘር» ነው። ሁለት ሲስተም አላችሁ እንበል። እያንዳንዱ ቅድሚያና የቀረው የሙከራ ቁጥር አለው። ቤርቦክስ ሙከራ ከቀራቸው ውስጥ ቅድሚያ ያለውን ይመርጣል፣ ከሙከራው አንድ ይቀንሳል፣ ያስነሳዋል። ሊኑክሱ በሰላም ከተነሳ ቁጥሩን መልሶ ይሞላዋል። ካልተነሳ ሙከራው ያልቅና ወደ ሌላው ይሄዳል። ዩ-ቡት ላይ የተለመደው መንገድ ይህንኑ በስክሪፕት፣ በሉፕና በኢፍ፣ በእጅ መጻፍ ነው፣ ያ ስክሪፕት ደግሞ መልሶ እዚያው ኢንቫይሮንመንት ውስጥ ይቀመጣል። እዚህ ግን በሲ የተጻፈ፣ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ኮድ ነው። ራውክ የተባለውን የአፕዴት ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ በቀጥታ ይግባባሉ።

እዚህ ላይ አገር ቤት ለሚተከል መሣሪያ በጣም የሚጠቅም ነገር አለ። መብራት ሄዶ፣ መጥቶ፣ ሊኑክሱ ተነስቶ ሳይጨርስ ደግሞ ሲሄድ፣ እንዲህ ደጋግሞ ሲመላለስ አስቡት። ሲስተሙ ምንም አልሆነም፣ ቆጣሪው ግን በየጊዜው አንድ እየቀነሰ ያልቃል። ጤነኛው ሲስተም ተበላሸ ተብሎ ይታለፋል። ቡትቹዘር ላይ ሪሴቱ የመጣው ኃይል በመቋረጡ ከሆነ ሙከራዎቹን ሙሉ በሙሉ መልስ ብሎ ማዘዝ ይቻላል። ዋችዶግ (ሲስተሙ ደርቆ ሲቀር ቦርዱን እንደገና የሚያስነሳው ጠባቂ) ሪሴት ካደረገው ግን መቁጠሩን ይቀጥላል። ይህ እንዲሠራ ቺፑ የሪሴቱን ምክንያት በትክክል መናገር አለበት፣ የቦርዱም ድራይቨር ማንበብ አለበት፤ ቦርድ ከመምረጣችሁ በፊት ይህን አጣሩ። ጀነሬተርና ዩፒኤስ በሌለበት ቦታ ለሚተከል ነገር እኔ ይህን ሳላረጋግጥ አላልፍም።

አሁን ወደ ድክመቱ። ስቴት ላይ እያንዳንዱ ቫሪያብል ቋሚ የባይት ቦታ አለው። ምርቱ ከወጣ በኋላ መሃል ላይ አዲስ ነገር ሰንቅራችሁ የሌሎቹን ቦታ ብትገፉ የድሮው መረጃ ሲአርሲው ልክ ሆኖ በተሳሳተ ስም ሊነበብ ይችላል። ማጂክ ቁጥሩን (የስቴቱን መለያ) ብትቀይሩ ደግሞ የድሮው ሁሉ ይጣልና ዲፎልት ይሆናል። ዩ-ቡት ላይ አዲስ ስም መጨመር ምንም አይጠይቅም፣ እዚህ ግን አስቀድሞ ማሰብ ይጠይቃል።

ከሊኑክስ በኩል ማንበቢያውና መጻፊያው ዲቲ-ዩቲልስ ከሚባለው የፕሮግራም ጥቅል ጋር የሚመጣው ባለ ኮማንድ መሣሪያ ነው። የቫሪያብሎቹን አቀማመጥ ከዲቫይስ ትሪው ያነብባል፣ ቤርቦክስ ራሱ መግለጫውን ለከርነሉ ያስተላልፍለታል። ይህ ከዩ-ቡቱ መሣሪያ በጣም ይሻላል፤ እዚያ የፍላሹን ቦታና መጠን በቅንብር ፋይል በእጅ ትጽፋላችሁ፣ ቁጥሩን ከተሳሳታችሁ ደግሞ የሌላ ነገር ላይ ልትጽፉ ትችላላችሁ። ግን የዲቫይስ ትሪ መግለጫው ለጀማሪ ከባድ ነው። ሰነዱ ትክክል ነው፣ ሁሉም ነገር አለበት፣ ነገር ግን ለሚያውቅ ሰው የተጻፈ ነው። ስትቸገሩ ፈልጋችሁ የምታገኙት መልስ ከዩ-ቡት ጋር ሲነጻጸር በጣም ጥቂት ነው። በአማርኛማ ጭራሽ የለም።

ትልቁ እንቅፋት ግን የቺፕ አምራቾች ናቸው። ከቦርዱ ጋር የሚመጣው ዩ-ቡት ነው። የእናንተ ቺፕ ቤርቦክስ ውስጥ ካለ፣ ለምሳሌ አይ-ዶት-ኤምኤክስ 6 ወይም ቢግልቦን ብላክ ላይ ያለው ኤኤም335ኤክስ ከሆነ፣ መንገዱ የተጠረገ ነው። ከሌለ የሜሞሪ ማስነሻውን ከመጀመሪያው መጻፍ ሊጠበቅባችሁ ነው፣ ለኢንቫይሮንመንት ብሎ ያን ሁሉ ሥራ መሸከም አያዋጣም።

ስለ ደኅንነት አንድ ነገር ልጨምር። ፋይልም ይሁን ቫሪያብል፣ ፍላሽ ላይ የሚጻፍ ስክሪፕት ካለ የተፈረመ ከርነል ብቻ ይነሳ ማለት ትርጉም ያጣል፤ አጥቂው ስክሪፕቱን ይቀይረዋል። ቤርቦክስም ከዚህ አያመልጥም። መፍትሔው ለምርት የሚሆነውን ስታጠናቅሩ ከፍላሽ ኢንቫይሮንመንት መጫኑን ዘግቶ ስቴትን ብቻ ማስቀረት ነው። ቤርቦክስ ላይ ይህን ማድረግ ቀላል የሆነው ሁለቱ ቀድሞውኑ ስለተለያዩ ነው።

ከ10 ስንት ትሰጠዋለህ ካላችሁኝ ለአዲስ ምርት 9፣ በዩ-ቡት ተሽጦ ሜዳ ላይ ላለ ምርት 4። ያለውን ለመቀየር ቡትሎደሩን ከሩቅ መተካት ያስፈልጋል፣ በመሃል መብራት ከሄደ ቦርዱ ድንጋይ ይሆናል። እሱ ላይ ከመግባት የዩ-ቡቱን ሁለት ቅጂና የተፈቀዱ ቫሪያብሎች ዝርዝር ብታበሩ ይሻላችኋል። አዲስ የምትጀምሩ ግን የማክ አድራሻውን በየቡቱ ከሚጻፈው ቆጣሪ ለዩት፣ በራሱ ስቴት ውስጥ አስቀምጡት። የቆጣሪው ስቴት መጨረሻ ላይም ለወደፊት የሚሆን ባዶ ባይት አስቀሩ። 16 ባይት ይበቃል።