ደብረ ብርሃን ላይ ላሉ የድሮ ሬዲዮ ባለሙያ ምስጋና

የቫልቭ ሬዲዮ (ከትራንዚስተር በፊት የነበረው፣ በሚግሉ የመስታወት ቱቦዎች የሚሠራው)፣ በተለይ የድሮ አማተር መቀበያ ወይም ማሰራጫ ቤታችሁ ያለ የሰሜን ሸዋ ሰዎች፣ ደብረ ብርሃን ላይ እጃቸው የሚታመን ባለሙያ አሉ። ስማቸው አደባባይ እንዲወጣ ስለማይፈልጉ ስልካቸውን የፈለገ በውስጥ መስመር ያናግረን። እጃቸው ይባረክ!

የሠሩልን ከብልሽት በፊት የሚደረግ ጥበቃ ነው። 220 የሚባለው መብራት ሌሊት ጭነት ሲቀል 240 የሚደርስበት ጊዜ አለ። ለ220 የተጠመጠመ የድሮ ትራንስፎርመር 240 ከገባበት 6.3 ቮልት መሆን ያለበት የቫልቭ ማሞቂያ ወደ 6.9 ይጠጋል። የቫልቩ ዕድሜ ያጥራል፣ ትራንስፎርመሩ ይግላል፣ ያረጁ ኮንደንሰሮችም አይችሉትም።

እሳቸው መጀመሪያ የሚያዩት የሬዲዮውን ጀርባ ነው። ብዙ የድሮ ፊሊፕሶች 245 የሚል መምረጫ አላቸው፤ እሱን ማዞር ከበቃ ሌላ ወጪ አያስወጡም። መምረጫ ለሌለው ከ220 ወደ 18 ቮልት የሚያወርድ፣ 1 አምፔር የሚችል ትንሽ ትራንስፎርመር ይወስዳሉ። የ220ውን ጥምጥም ከመስመሩ ጋር ያያይዙና የ18ቱን ወደ ሬዲዮው በሚሄደው ፌዝ መሀል ገልብጠው ያስገባሉ። 240 ሲገባ 220 ገደማ ይወጣል። ትንሹ ትራንስፎርመር የሚሸከመው ልዩነቱን ብቻ ስለሆነ ለ100 ዋት መቀበያ ይበቃል። የ18ቱ ጫፎች ከተቀያየሩ ግን 260 ይሆናል! ስለዚህ ሬዲዮው ከመሰካቱ በፊት አምፖል አብርተው በቴስተር ይለካሉ።

ይህ ዘዴ ቮልት አያረጋጋም፤ መስመሩ 180 ሲወርድ እሱም ቀንሶ 165 ይሰጣል። ለዚያ ሰዓት ትራንስፎርመሩን የሚዘልል ማብሪያ ማጥፊያ ያክሉበታል። ጠቅ ጠቅ የሚለው የሱቅ ስታቢላይዘር በእኛ አስተያየት ለፍሪጅ ይሁን፤ በየዝላዩ መቀበያው ውስጥ ይንኮሻኮሻል።

ፌዙ ላይ ፊውዝ፣ ከፊውዙ ቀጥሎ በፌዝና በኒውትራል መሀል ድንገተኛ ከፍተኛ ቮልት የሚያበርድ የ275 ቮልት ቫሪስተር፣ መነሻውን ግፊት የሚያለዝብ ቴርሚስተርም ይጨምራሉ (ስለሚግል ከእንጨትና ከሽቦ ያርቁታል)። ከሁሉ የወደድነው ሪሌው (በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማብሪያ ማጥፊያ) ነው። መብራት ከጠፋ መስመሩን ይቆርጣል፣ ተመልሶ ሲመጣም ቁልፉን ሰው ካልተጫነው መልሶ አያገናኝም፤ የመመለሻውን ግፊት ሬዲዮው አይቀምሰውም።

እንደ ሃሊክራፍተርስ ኤስ-38 ያሉ ትራንስፎርመር አልባ ሬዲዮኖችን በተራ የ220/110 አውቶትራንስፎርመር (መግቢያውና መውጫው አንድ ጥምጥም የሚጋሩበት) ብቻ አይሰጡም፤ የመግቢያና የመውጫ ጥምጥሞቹ የተለያዩ ካልሆኑ የሬዲዮው ብረት ሰው ሊይዝ ይችላልና። እዚህ ላይ ለምነን አናሸንፋቸውም።

ሥራ አይጣደፉም፣ ዋጋ ግን ቀድመው ይናገራሉ። ስትሄዱ ቫልቮቹን ቦታቸውን ምልክት አድርጋችሁ ንቀሉና በጨርቅ ለየብቻ ጠቅልሉ፤ የቀድሞ ጠጋኝ ያወጣው ዕቃ ካለም አትጣሉት፣ ይዛችሁላቸው ሂዱ።