የበረራ ተቆጣጣሪ ወይስ ቲካስ?

አንድ አውሮፕላን የአባይን ሸለቆ ተሻግሮ ባሕር ዳር ለማረፍ ከፍታውን ሲቀንስ፣ ሌላው ከዚያው ተነስቶ ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል። ሁለቱን የሚያራርቃቸው ማን ነው?

የበረራ ተቆጣጣሪው ሥራውን የሚጀምረው ገና አደጋ ሳይኖር ነው። ማን ቀድሞ እንደሚያርፍ፣ ማን በየትኛው ከፍታ እንደሚጠብቅ ይወስናል። ራዳር ካለው በጎን አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 የባሕር ማይል ያራርቃቸዋል፤ ወደ ላይ ደግሞ 1,000 ጫማ። ነገር ግን ሰው ነውና ይደክማል።

አውሮፕላኖች እርስ በርስ እንዳይጋጩ የሚያስጠነቅቀው መሣሪያ፣ ቲካስ፣ ግን አይደክምም። በአውሮፕላኑ ውስጥ ሆኖ የሌላውን ትራንስፖንደር (ለጥያቄ በሬዲዮ ምልክት የሚመልስ መሣሪያ) ይጠይቃል፤ ግጭት ሊደርስ ከ15 እስከ 35 ሰከንድ ሲቀረው አንዱን «ውጣ» ሌላውን «ውረድ» ይላል። ወደ ጎን ታጠፍ ማለት አይችልም። ወደ መሬት በጣም ሲቀርቡም ትእዛዝ መስጠቱን ያቆማል።

የተቆጣጣሪውና የቲካሱ ትእዛዝ ሲጋጭስ? እ.ኤ.አ. በ2002 በጀርመን ኡበርሊንገን ሰማይ ላይ ተቆጣጣሪው አንዱን አውሮፕላን «ውረድ» አለው፤ ቲካሱ «ውጣ» አለው። አብራሪዎቹ ሰውየውን ሰሙ። ሌላኛው አውሮፕላን ቲካሱን ታዝዞ እየወረደ ነበር። 71 ሰዎች አለቁ! ስለዚህ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች የሚታዘዙት ቲካስን ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር አያስፈልግም።

ለጎጃም ሰማይ ግን መጀመሪያ ገንዘብ የሚገባው ለተቆጣጣሪው ሥልጠናና እረፍት ነው እላለሁ። ትራንስፖንደር የሌለውን አውሮፕላን ቲካስ አያየውም፤ ወፍንም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1988 ከባሕር ዳር የተነሳ ቦይንግ 737 የእርግብ መንጋ ሞተሮቹ ውስጥ ገብቶበት ወድቆ 35 ሰዎች ሞተዋል። መንጋን ከማማው ላይ አይቶ ለአብራሪው ማስጠንቀቅ የሚችለው የሰው ዓይን ነው።