የፎርማጆ ሬኔት፦ ለሱሉልታና ለሰንዳፋ ወተት የቱ ያዋጣል?

ከሱሉልታ እስከ ሰንዳፋ፣ ከሆለታ እስከ ሰበታ፣ የአዲስ አበባን ዙሪያ ይዘው ለፒዛ ቤትና ለሱፐርማርኬት ሞዛሬላና ጎዳ የሚያቀርቡ አነስተኛ ፎርማጆ ቤቶች ወተቱን የሚያረጉት ሬኔት በሚባል ወተት አርጊ ኢንዛይም ነው። ሬኔት ሦስት ዋና ዋና ምንጮች አሉት፦ ከጥጃ ጨጓራ የሚወጣው፣ ሪዞሙኮር ሚሄይ የተባለ ሻጋታ በተፈጥሮው የሚሠራው፣ እና የጥጃው ጂን ገብቶላቸው በሚያመርቱ ረቂቅ ተሕዋስያን የሚገኘው ካይሞሲን። የምንገመግመው ሦስተኛውን ነው። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር፦ ዋጋውን ያወጣል። ወተት የማርጋት ጉልበቱ ያልተጻፈበት ጠርሙስ ከሆነ ግን በነጻ ቢሰጣችሁም አትቀበሉ።

አይብ የሚረጋው በኮምጣጣነትና በሙቀት ነው። ካይሞሲን ግን ወተቱ ሳይኮመጥጥ፣ የኮምጣጣነት መለኪያው ፒኤች 6.5 አካባቢ እያለ፣ ካፓ ኬዚን የሚባለውን ፕሮቲን በ105ኛውና በ106ኛው አሚኖ አሲድ መካከል ለይቶ ይቆርጠዋል። ካፓ ኬዚን በወተት ውስጥ የሚንሳፈፉት የኬዚን እንክብሎች እርስ በርስ እንዳይጣበቁ የሚጠብቅ ልባስ ነው። ልባሱ ሲወልቅ እንክብሎቹ በካልሲየም እየተያያዙ መረብ ይሠራሉ። በኮምጣጣነት የረጋው ካልሲየሙ በአብዛኛው ከአጓቱ ጋር ስለሚሄድ ይፈረፈራል፤ በሬኔት የረጋው ካልሲየሙን ስለሚይዝ ይለጠጣል። የፒዛ ቤት ደንበኛ የሚፈልገው ይህንኑ መለጠጥ ነው።

ጂኑ አንድ ሆኖ ሳለ የሚያመርቱት ተሕዋስያን አሠራር በጣም ይለያያል፤ ጥራቱም የሚወሰነው እዚህ ነው። በ1990 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው የመጀመሪያው ካይሞሲን የተመረተው በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ነበር። ባክቴሪያው ፕሮቲኑን በሆዱ ውስጥ ሳይሟሟ አጓጉሎ ስለሚያስቀምጠው፣ ህዋሱን ሰብሮ፣ ጓጉሉን በዩሪያና በአልካሊ አሟሙቶ፣ እንደገና ቅርጹን አስይዞ በአሲድ ማንቃት ያስፈልጋል። ክሉይቬሮማይሰስ ላክቲስ የተባለው እርሾ ከዚህ ሁሉ ያድናል፤ ፕሮቲኑን ወደ ውጭ ስለሚተፋ ህዋሱን አጣርቶ ፈሳሹን መውሰድ ይበቃል።

የዳቦ እርሾስ ለምን አልተመረጠም? የዳቦ እርሾ ስኳር ከበዛለት አየር እያለውም አልኮል ይሠራል። በአልኮል መንገድ ከአንድ ግራም ግሉኮስ የሚገኘው የእርሾ ክብደት 0.1 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ በአየር ሙሉ ለሙሉ ሲቃጠል ግን ወደ 0.5 ግራም ይጠጋል። ላክቲስ አየር እስካገኘ ድረስ ሁለተኛውን መንገድ ይይዛል። በዚያ ላይ የወተትን ስኳር፣ ላክቶስን፣ ይበላል፤ የዳቦ እርሾ አይችልም። ፎርማጆ ቤቶች ወደ ቦይ የሚደፉት አጓት የዚህ እርሾ ቀለብ መሆን የሚችል ነገር ነው፤ ይህን ማወቅ ያስቆጫል። አስፐርጊለስ ናይጀር የተባለው ሻጋታ ደግሞ ፕሮቲን በመትፋት ብርቱ ነው፤ የጥጃው ጂን ግሉኮአሚሌስ ከሚባለው ከራሱ ኢንዛይም ጂን ጋር ተጣምሮ ስለገባለት ብዙ ያመርታል።

ወደ ጋኑ ስንመጣ፣ ከላክቲስም ሆነ ከናይጀር የመጣው ካይሞሲን ሥራው ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለውም። ልዩነቱ የሚታየው ከሪዞሙኮር ጋር ነው። የሪዞሙኮር ኢንዛይም ከካፓ ኬዚን አልፎ ሌላውንም ፕሮቲን ይቆራርጣል፤ ቁርጥራጩ ከአጓቱ ጋር ሲወጣ ምርት ይቀንሳል፣ የቀረው ደግሞ ሲከርም ይመርራል። በሳምንት ውስጥ ለሚበላ ሞዛሬላ ብዙም አይጎዳም፤ ወራት ለሚያርፍ ጎዳ ግን አንመክረውም። ከጥጃ የሚወጣውም ቢሆን ፔፕሲን የሚባል ሌላ ኢንዛይም ስለተቀላቀለበት ከዕቃ ዕቃ ይለያያል። «የማን እርድ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም ደንበኛ ካለ፣ በተሕዋስያን የተመረተው ከእርድ ጋር ስላልተገናኘ መልሱ ቀላል ነው። ለጾም ግን አይሆንም፤ ወተቱ ያው ወተት ነው።

መጠኑ በሚሊ ሊትር ሳይሆን በአይ.ኤም.ሲ.ዩ. ይሰላል፤ ይህ ወተት የማርጋት ጉልበት መለኪያ ነው። ለአንድ ሊትር ወተት 40 ያህል ይበቃል፤ ስለዚህ 50 ሊትር 2000 ይፈልጋል። ጠርሙሱ በሚሊ ሊትር 200 የሚል ከሆነ 10 ሚሊ ሊትር፣ 600 የሚል ከሆነ 3.3 ሚሊ ሊትር፣ በግራም 2200 የሆነ ዱቄት ከሆነ 0.9 ግራም ነው። «አንድ ክዳን» እያሉ የሚለኩ ሰዎች ጠርሙስ በቀየሩ ቁጥር የሚከስሩት በዚህ ምክንያት ነው። ሲበዛ ፎርማጆው ይመርራል፤ ሲያንስ ቅቤው ከአጓቱ ጋር ይፈስሳል።

ወተቱን በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ፓስቸራይዝ አድርጋችሁ ወደ 34 አውርዱ። ለ50 ሊትር ወተት 10 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ በውኃ አሟሙታችሁ ጨምሩ። ሬኔቱን በ20 እጥፍ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጣችሁ ወዲያው አፍስሱ፤ ሁለት ደቂቃ አማስሉና ከዚያ በኋላ ጋኑን አትንኩት። ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ባለው ጊዜ በቢላ ሲሰነጠቅ ጥርት ብሎ ይከፈላል፤ በስንጥቁ የሚወጣው አጓት አረንጓዴ ቢጫ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ነጭ ከሆነ ገና ነው።

አልረጋም ሲባል ሬኔቱ ይታማል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የውኃው ነው። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ኢንዛይሙን ይገድላል፤ በበረኪና ታጥቦ በደንብ ያልተለቀለቀ ጆግም እንዲሁ። ውኃውን አፍልቶ ማቀዝቀዝ መፍትሔ ነው። ሁለተኛው «ለማንኛውም» ተብሎ እስኪፈላ የተሞቀ ወተት ነው፦ የአጓቱ ፕሮቲን ካፓ ኬዚን ላይ ተለጥፎ መቁረጫውን ይሸፍናል፤ ሬኔት በእጥፍ ቢጨመርም አይድንም። ውኃ የተቀላቀለበትና ጡቷ ከታመመ ላም የመጣ ወተትም ልል ሆኖ ይረጋል።

መብራት ደጋግሞ ለሚጠፋበት ሰፈር ከፈሳሹ ይልቅ ዱቄቱን እንመርጣለን፤ ፈሳሹ ከ8 ዲግሪ በታች መቀመጥ አለበት። ጠርሙሱን በከፈታችሁበት ቀን ይህን ሞክሩ፦ 24 ግራም ቅባት የሌለው የዱቄት ወተትና 0.2 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ በ200 ሚሊ ሊትር ውኃ በጥብጣችሁ ግማሽ ሰዓት አሳርፉና ወደ 35 ዲግሪ አሙቁ። ከባለ 200ው ሬኔት 1 ሚሊ ሊትር በ24 ሚሊ ሊትር ውኃ ቀጥኑ፤ ከቀጠነው 5 ሚሊ ሊትር በሲሪንጅ ጨምራችሁ ብርጭቆውን አዘንብሉት። በመስታወቱ ላይ የሚወርደው ስስ ልባስ ነጠብጣብ ሲሆን ሰዓቱን ጻፉ። በየወሩ ድገሙት፤ ጊዜው በእጥፍ ከረዘመ ጉልበቱ በግማሽ ቀንሷል ማለት ነው፣ መጠኑንም በዚያው ልክ አስተካክሉ። የዱቄት ወተት ያልነው የላም ወተት ከቀን ቀን ስለሚለያይ ነው።

ከአፋር ወይም ከሶማሌ የግመል ወተት የሚረከብ ካለ ይህንን ምርት አይግዛ፤ የከብት ካይሞሲን የግመልን ወተት በደንብ አያረጋም። በአስፐርጊለስ ናይጀር የሚመረት የግመል ካይሞሲን ለብቻው አለ። የሚገርመው፣ በላም ወተት ላይም ከከብቱ 70 በመቶ የበለጠ ያረጋል፤ ሌላውን ፕሮቲን የመቆራረጥ ጠባዩ ደግሞ ከከብቱ አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ጎዳ ለሚያሳርፍ ቤት፣ ካገኘው፣ መራራነትን ለመሸሽ የተሻለው ምርጫ እሱ ነው።