ግንደ ቆርቁሩን ላሳየን የኮምቦልቻ ልጅ

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች። ዛሬ አንድ ልጅ ላመሰግን ነው። ወፍ ማየት የምትወዱ ካላችሁም ልጠቁማችሁ።

አባቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ትልቁ ደስታው ወፍ ማየት ነው። አንዱ ግን ለዓመታት አምልጦታል። ጀርባው ወርቃማ የሆነው፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የማይገኘው ግንደ ቆርቁር። አምና የወሰደን አስጎብኚ ወፎቹ እንዲነሱ ብሎ ዛፍ ላይ ድንጋይ ወረወረ። አባዬ "በቃ፣ እንመለስ" አለ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው መፈለግ ፈርቼ ነበር።

ይኼን ልጅ የሥራ ባልደረባዬ ናት የሰጠችኝ። ሹፌርም አስጎብኚም ራሱ ነው። ቅዳሜ ሌሊት 11 ሰዓት ደሴ በራችን ላይ ቆሟል። ዋጋውን አስቀድሞ በስልክ ነግሮኛል፤ ማታ ስንለያይም ያው ነው፣ አንድ ብር አልጨመረም።

የጎፍ ጫካ ስንደርስ ገና እየነጋ ነበር። "ጋሼ፣ ቀስ ብለን ነው። መጀመሪያ በጆሯችን ነው የምንፈልገው" አለው። አባዬ ጉልበቱን ያመዋል። ልጁ ማንም ሳይነግረው እርምጃውን አሳነሰ። ለማረፊያ የምትሆን ትንሽ በርጩማም ይዞ ነበር።

መጀመሪያ ያየነው ሶሪት ነው። ቅርንጫፍ ላይ ሲሮጥ አረንጓዴ ነው፤ ክንፉን ሲዘረጋ ደማቅ ቀይ ይወጣል። ያ ቀለም ውስጡ መዳብ እንዳለበት የነገረን እሱ ነው።

ግንደ ቆርቁሩ ግን አስጠበቀን። ድምፁን በስልክ ከፍቶ መጥራት ይቻል ነበር። ብዙዎች ያደርጉታል። እሱ እምቢ አለ። "ሌላ ወፍ ግዛቱ የገባበት ይመስለዋል ጋሼ። መብላቱን ትቶ፣ ጫጩት ካለውም ትቶ ይንከራተታል።" አባዬ ያኔ ነው የወደደው፤ ከፊቱ አየሁት።

ጽዱ ሥር ተቀመጥን። አንድ ሰዓት ሊሞላን ሲል የቅርፊት ፍርፋሪ አባዬ ትከሻ ላይ ወደቀ። ልጁ ፍርፋሪውን አየና ምንም ሳይናገር ወደ ላይ ጠቆመ። ግንዱ ላይ ተለጥፏል። አባዬ ባይኖኩላሩን ሲያነሳ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ልጁ ክርኑን ከሥር ደገፈለት። "ማጅራቱን ይዩት፣ ቀይ ነው። ወንዱ ነው" አለው በሹክሹክታ። ወፉ እስኪሄድ ድረስ እጁን ከአባዬ ክርን አላነሳም።

ከሰዓት በኋላ ሐይቅ ሄድን። የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የመጡ፣ ምንቃራቸው አካፋ የመሰለ ዳክዬዎች አየን። ዓሣ በላን። ጥሩ ነበር፤ የአባዬ ልብ ግን የጎፍ ቀርቷል። በመንገዱ ሁሉ ሲያወራ የነበረው ስለዚያው ወፍ ነው።

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አባቴን እንደ አባትህ ነው የያዝከው።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እንድሰጥ ፈቅዶልኛል። ቅዳሜና እሁድ ቶሎ ስለሚያዝ ከሳምንት በፊት ደውሉለት። ጃኬት ያዙ፣ ጠዋት ላይ ይበርዳል። ሽማግሌ ይዛችሁ ከሆነም አስቀድማችሁ ንገሩት፤ በርጩማዋን ይዞ ይመጣል።