አርኤፍ-45 ሚሊንግ ማሽን ዝቅ ባለ ኮርኒስ ስር፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

እዚህ የሚገመገመው ሚሊንግ ማሽን፣ ማለትም በሚዞር መቁረጫ ብረት የሚቀርጽ ማሽን፣ አርኤፍ-45 የሚባለው ዓይነት ነው። መነሻው የታይዋኑ ሮንግ ፉ ነው፤ ዛሬ ግን የቻይና ፋብሪካዎች በየራሳቸው ስም ይሠሩታል። ማሽኑ ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ባለ ሰርቪስ ቤት ውስጥ አንድ በጋና አንድ ክረምት ሠርቷል። ከወለል እስከ ኮርኒስ 2.15 ሜትር ነው። ሥራው በአብዛኛው የወፍጮ ቤት ዘንግና ፑሊ ነው፤ አልፎ አልፎ የባጃጅ ዕቃም ይገባል።

ሻጭ በሚሰጠው ወረቀት ላይ ያለውን ቁመት አትመኑ። ብዙ ጊዜ የሚለካው ጭንቅላቱ (መቁረጫውን የሚያዞረው፣ ምሰሶው ላይ የሚወጣና የሚወርደው ክፍል) ወርዶ ነው። ሞተሩ ጭንቅላቱ ላይ ቆሞ ስለተተከለ ጭንቅላቱ ሲወጣ አብሮ ይወጣል። ይኼኛው ያለ መቆሚያው፣ ጭንቅላቱ እስከ ጫፍ ሲወጣ፣ 1.42 ሜትር ነው። አብሮት የሚመጣው መቆሚያ 75 ሳንቲም ሲጨመርበት 2.17 ይሆናል፤ ኮርኒሱን በ2 ሳንቲም ይመታል። ለጥቂት ቢያልፍ እንኳ አይበቃም። የሞተሩ ማራገቢያ አናቱ ላይ ነው፣ አየር የሚስበውም ከላይ ነው። ቢያንስ 10 ሳንቲም ክፍተት ካላገኘ ያወጣውን ሙቀት መልሶ ይስባል። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ያልፋል፤ ሞተር ላይ የሚለጠፈው የጉልበት ቁጥር ግን በተለምዶ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ የሚሠራ ነው። አየሩ ሲሳሳ ማቀዝቀዙም ይሳሳል።

መፍትሔው 55 ሳንቲም ቁመት ያለው መቆሚያ ከቱቦላሬ መበየድ ሆነ። ድምሩ 1.97 ስለሆነ ከላይ 18 ሳንቲም ይተርፋል። ዋጋውን የሚከፍለው ግን የሠራተኛው ጀርባ ነው፦ ጠረጴዛው ከወለል 83 ሳንቲም ላይ ይቀራል፣ ረጅም ሥራ ሲሆን በርጩማ ላይ ተቀምጦ መሥራት ግድ ነው። ኮርኒሱ ችፑድ ከሆነና ከላዩ እስከ ቆርቆሮው ባዶ ቦታ ካለ ግን ከዚህ የተሻለ መንገድ አለ። በሞራሌዎቹ መካከል ከሞተሩ በላይ 50 በ50 ሳንቲም ቀዶ ከላሜራ በተሠራ ሳጥን መዝጋት ነው፤ ሳጥኑ ከሌለ የጣሪያው አቧራ በቀጥታ ጠረጴዛው ላይ ይወርዳል። ወለሉን ቆፍሮ ማሽኑን ዝቅ ማድረግ የሚሉም አሉ። በክረምት ውሃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ውስጥ ብረት ማቆም ምኑ ይመከራል?

ጠረጴዛው የሚወጣና የሚወርድበት የብሪጅፖርት ዓይነት በዚህ በኩል ይበልጠዋል፤ ሥራ ላይ ቁመቱ አይጨምርም። ነገር ግን ቶን ገደማ ይመዝናል፣ ከመነሻውም 2 ሜትር ያልፋል፣ አብዛኛው ባለ ሦስት ፌዝ ነው። ክብ ምሰሶ ያለውን አርኤፍ-30 ርካሽ ነው ብሎ መግዛት ደግሞ ለትራፓኖ (መብሻ) ሥራ ካልሆነ አያዋጣም፤ ከፑንታ (የመብሻ ብረት) ወደ መቁረጫ ለመቀየር ጭንቅላቱ ከፍ ሲል ይዞራል፣ የያዛችሁት ማዕከል ይጠፋል።

ስፒንድሉን፣ ማለትም መቁረጫው የሚገባበትን የሚዞር ዘንግ፣ ስትመርጡ አር8 የሚባለውን የቀዳዳ ዓይነት ውሰዱ። ሌላው ዓይነት፣ ሞርስ 4፣ ከትራፓኖና ከቶርኖ ዕቃ ጋር መጋራቱ ጥሩ ነው፤ ግን ይነክሳል፣ ለማስለቀቅም ዕቃውን ከላይ ስቦ የሚይዘውን ዘንግ አናት በመዶሻ መምታት ያስፈልጋል። ዝቅ ባለ ኮርኒስ ስር መዶሻ የሚወዛወዝበት ቦታ የለም። አር8 ቡሎኑ ላላ ሲልና በቀላሉ ሲነካ ይለቃል።

ክብደቱ ከ300 ኪሎ በላይ ነው። ኮርኒሱ ቼይን ብሎክ ስለማያሰቅል ጭንቅላቱን፣ ምሰሶውንና መሠረቱን ለየብቻ ፈትቶ ማስገባት ይሻላል። መሠረቱን በክሪክ ትንሽ በትንሹ እያነሱ ከስሩ ወፍራም ጣውላ መደራረብ፣ ከዚያ ወደ መቆሚያው ማንሸራተት ነው። የተፈታ ማሽን ግን እንደነበረ አይገጥምም። ኮምፓራተር (ጥቃቅን ልዩነት የሚለካ ባለ ቀስት መለኪያ) ስፒንድሉ ላይ አስራችሁ ጠረጴዛው ላይ ስታዞሩት በ200 ሚሊ ስፋት ከፊት ወደ ኋላ 0.12 ሚሊ ልዩነት ካሳየ፣ የምሰሶው ቡሎኖችም በ200 ሚሊ ርቀት ላይ ከሆኑ፣ ከምሰሶው ስር የሚገባው ስስ ቆርቆሮ ውፍረት ያው 0.12 ሚሊ ነው። ምሰሶው ወደ ፊት ካዘመመ ከፊት ቡሎኖቹ ስር ይገባል። የቢራ ጣሳ ቆርቆሮ ወደ 0.1 ሚሊ ስለሚጠጋ ይሠራል፤ ቀለሙን ግን ፋቁት። ቡሎኖቹን ካጠበቃችሁ በኋላ እንደገና ለኩ፣ ሲጠብቅ ይቀየራል።

አቅሙ ጥሩ ነው። በ12 ሚሊ ኤችኤስኤስ (ጠንካራ የመቁረጫ ብረት) መቁረጫ ለስላሳ ብረት ላይ በደቂቃ 660 ዙር አካባቢ ይዞ በአንድ ጊዜ 2 ሚሊ ጥልቀት ሳይንቀጠቀጥ ይቆርጣል። ለ4 ሚሊ መቁረጫ ግን ከፍተኛው ፍጥነት፣ 1,600 አካባቢ፣ ያንሳል፤ ጠባብ ቦይ የሚበዛበት ሰው ይህን ያስብበት። የጠረጴዛው እጀታ ወደ 0.15 ሚሊ ይወላውላል። መቁረጫው በሚዞርበት አቅጣጫ ሥራውን ከገፋችሁት መቁረጫው ጠረጴዛውን ወደ ራሱ ይጎትታል፣ ጥርሱም ይሰበራል። ሁልጊዜ ተቃራኒውን ያዙ፣ የማትንቀሳቀሰውንም አቅጣጫ ቆልፉ። የማርሽ ሳጥኑን የመጀመሪያ ዘይት ቶሎ ቀይሩት፤ የብረት ብናኝ ይዞ ይወጣል። ውፍረቱ ቁጥር 68 የሆነ ዘይት ይስማማዋል።

መብራት ሌላው ጣጣ ነው። ሞተሩ 1.5 ኪሎዋት፣ ባለ 220 ቮልት ነው፤ ሲነሳ ግን ከመደበኛው ብዙ እጥፍ አምፒር ይስባል። አመሻሽ ላይ ቮልቴጁ ከ200 በታች ከወረደ አታስነሱት፣ መጀመሪያ የሚሄደው የማስነሻው ካፓሲተር ነው። ገመዱ 2.5 ሚሜ ካሬና አጭር፣ ብሬከሩም ባለ 16 አምፒር፣ የማስነሻውን ጉልበት የሚችለው ሲ (C) ዓይነት ይሁን።

ከሰኔ እስከ መስከረም ጠረጴዛው በአንድ ሌሊት ዝገት ይይዛል። ፕላስቲክ አታልብሱት፣ ከስሩ ያልበዋል። ቀጭን ዘይት ቀብቶ በአቡጀዲ መሸፈን በቂ ነው፤ ከጠረጴዛው ይልቅ የሚረሳው ከሞርሳው ስር ያለው ፊት ስለሆነ በየጊዜው አንስታችሁ ጥረጉት።